ሦስት ክኒን በጉሬዛ ኮረብታ

ከነገሩ በፊት ተናጋሪውን ማወቅ ይገባል። እኔ አስር አለቃ ደምሴ ነኝ፤ የተወለድኩት ከሸዋ ቤንች ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት አጥሩን ለማጠር ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሠራዊቱ ውስጥ ከጥይት ሣጥን ላይ ሲሆን፣ መድኃኒት ያወቅኩት ደግሞ በየማሸጊያው ውስጥ ታጥፋ የምትገኘውን ወረቀት እየፈታሁ ነው። ያቺን ወረቀት ሐኪሞቹ እንኳ አያነቧትም። እኔ አነባታለሁ። በሻለቃችን ውስጥ ቁስል በማሰር የሚወዳደረኝ አልነበረም። በሕይወት ያሉት ይመስክሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በእነዚህ እጆቼ ያለፉ ናቸው። ቤንችኛም አማርኛም እናገራለሁ፤ የሸኮን ቋንቋም እሰማለሁ። ይህን የምዘረዝረው ለመመካት ብቻ አይደለም። ኋላ የምነግራችሁን ጥፋት ማን እንደሠራው እንድታውቁ ነው። አላዋቂ አልሠራውም።

በወጣትነቴ በሰሜን አንድ ኮረብታ ይዘን ነበር። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። እስከ አራት ሰዓት አልቆመም። ሰባት ሰው ወደቀብን። ሦስቱን አሰርኩ፤ አራቱን ሸፈንኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከጥይቱ የባሰ ወባ ገባብን። ክኒን ነበረን። ወታደሩ ምሬቱን ጠልቶ ከምላሱ ሥር እየደበቀ ከምሽጉ ጀርባ ይተፋው ጀመር። የመቶ አለቃችን ጠራኝና «ደምሴ፣ ሲውጥ ሳታይ አትለፍ» አለኝ። አሰለፍኳቸው። አፍ ክፈት፣ ዋጥ፣ ምላስ አንሣ፣ እለፍ። በእኔ መቶ ውስጥ ከዚያ በኋላ በወባ የሞተ የለም።

ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለዚያ ግንባር አይደለም። ስለዚያ ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ የምጽፈው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚሁ ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለተዋጋነው ነው።

ክረምት ነበር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ፀሐይ ቦት ጫማዋን እስከ ጉልበቷ ጭቃ አስበልታ ደጄ ላይ ቆመች። ከወላይታ የመጣች፣ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት።

«አባባ፣ የጦር ሐኪም ነበሩ ይሉኛል። እውነት ነው?»

«ሐኪም አልነበርኩም። ከሐኪም እበልጥ ነበር» አልኳት።

ሳቀች። «እንግዲያው ግዳጅ ልስጥዎት።»

ግዳጁ ይህ ነበር። ዘጠኝ የሳንባ ቲቢ በሽተኞች አሉ። እያንዳንዳቸው ለስድስት ወር፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ፣ ክኒን መዋጥ አለባቸው። እሷ ጣቢያውን ጥላ ሁሉንም በየቀኑ ማየት አትችልም።

«ሦስት ሳምንት ሲውጡ ሳሉ ይቀልላል፣ ጉልበት ይመለሳል» አለችኝ። «ያኔ ድነናል ብለው ይተዉታል። በሽታው ግን አልሞተም፤ ተኝቶ ነው። ሲነሣ ክኒኑን ለምዶት ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ አይበግረውም።»

«ገብቶኛል። የሸሸን ጠላት ማሳደድ ካቆምክ ተጠናክሮ ይመለሳል።»

«እንደሱ ነው። ግን አባባ፣ ጠላቱ በሽታው ነው፤ በሽተኛው አይደለም። እንዳይጮሁባቸው።»

ይህን ሁለተኛውን ትእዛዝ ያን ጊዜ በጆሮዬ ብቻ ሰማሁት።

የእኛ ጓድ ሁለት ሰው ነበር። እሷ አዛዥ፣ እኔ የቀረው ጦር። ስምንቱ በሽተኞች መንገድ ዳር ስለነበሩ ቀላል ነበሩ። ዘጠነኛው ማቴዎስ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቤቱ ከመንደሩ በላይ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ በሚዘልበት ኮረብታ ላይ ነው። እኔና ሲስተር የጉሬዛ ኮረብታ አልነው። ማቴዎስን ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ያዕቆብ ነው፤ እናትና አባታቸው በሕፃንነቱ ስለሞቱ። ያዕቆብ ሚስትና ሦስት ልጆች ቢኖሩትም ሁለቱ ጎን ለጎን ቤት ሠርተው፣ አንድ ቡና እየለቀሙ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

ከነሐሴ ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኮረብታው ላይ ነበርኩ። በቀን ሦስት ክኒን። «ቁም! አፍ ክፈት! ዋጥ! ምላስ አንሣ!» ማቴዎስ ይታዘዘኛል። ያዕቆብ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማጭዱን እየሳለ ይስቃል።

«አስር አለቃ፣ ወንድሜን ወዴት ልታዘምተው ነው?» ይለኛል።

«ወደ ጤና» እለዋለሁ።

«ያለ ስንቅ? ቢያንስ ጎደሬ ይቅመስ እንጂ!»

መድኃኒቱ ሽንት ቀይ ያደርጋል። ይህንንም ከወረቀቷ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ ከማየት በላይ ሌላ ማረጋገጫ አበጀሁ፤ ሽንቱን አያለሁ። ሲስተር ራሷ በዘዴዬ ተደነቀች። ማቴዎስ በአርባ ቀን ውስጥ ሳሉ ቀለለለት፣ ጉንጩ ሞላ። እኔም በመንደሩ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ለምን አልሄድም?

ከዚያ ቡናው ቀላ።

ለእኛ አገር ሰው ቡና ሲቀላ ሌላ ጉዳይ የለም። ወንድማማቾቹ ከኮረብታው ማዶ ጫካ ውስጥ ባለው ቡናቸው ጎጆ ቀልሰው ገቡ። ለቀማው እስኪያልቅ፣ ዝንጀሮም እንዳይበላው፣ እዚያው ያድራሉ። ከቤቴ እዚያ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ዝናቡ አላባራም። ጉልበቴ በድሮው ቁስል ያመኝ ጀመር። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ወሰንኩ። እሑድ እሑድ እየሄድኩ የሰባት ቀን ክኒን በአንድ ጊዜ ለማቴዎስ ሰጠሁት። በሚቀጥለው እሑድ ባዶውን ማሸጊያ እቆጥራለሁ፤ ሽንቱን አያለሁ። ማሸጊያው ባዶ፣ ሽንቱ ቀይ። በክትትል ካርዱ ላይ የሰባቱን ቀን ምልክት «ታይቷል» በሚለው ሥር በራሴ እጅ ሞላሁ። አላየሁም ነበር። ለሲስተርም አልነገርኳት።

ጥቅምት ላይ የሁለተኛው ወር የአክታ ምርመራ ደረሰ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲስተር ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። በሩን ዘጋች።

«የማቴዎስ አክታ አሁንም ተሐዋሲው አለበት። እንደ መጀመሪያው ነው።»

«የላቦራቶሪ ስሕተት ነው።»

«ሁለቴ አየነው።»

«ሲስተር፣ እኔ ደምሴ ነኝ! አንድ ክኒን አልጎደለም። ሽንቱ ደም መስሏል!»

አልጮኸችብኝም። ካርዱን ወደኔ አዞረችና ጣቷን በምልክቶቹ ላይ አድርጋ፣ «አባባ፣ እነዚህን ሁሉ ሲውጥ በዓይንዎ አይተዋል?» አለችኝ። እንደዚያ ዝቅ ብሎ የተጠየቀ ጥያቄ ጦር ሜዳ ላይ ገጥሞኝ አያውቅም። ተነሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ፣ ቀኑ እሑድ ሳይሆን፣ በድንገት ቅኝት ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ቡናው ውስጥ ደረስኩ። ማቴዎስ ቅርጫት ወገቡ ላይ አስሮ ይለቅማል። ያዕቆብ ትንሽ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ይሸናል። ሲጨርስ ሄደ። እኔም በዚያ አለፍኩ። ከመሬት የወደቀ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ላይ ያለው ሽንት ቀይ ነበር።

ክኒን ያልታዘዘለት ሰው ሽንት ቀይ ነበር።

የጦር ሰው ዓይን አይስትም። የሳተው ጭንቅላቴ ነው፤ ቀይ ሽንት መዋጡን እንጂ ስንት እንደተዋጠ አይናገርም። ማቴዎስን ጠራሁት። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ሲስተር እንዴት እንደጠየቀችኝ ትዝ አለኝ። ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማቴዎስ፣ ክኒኑን እንዴት ነው የምትወስደው?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ከወንድሜ ጋር።»

«እንዴት ከወንድምህ ጋር?»

«ከመስከረም ጀምሮ ይስላል፣ አባባ። ደም ያስለዋል። ለኔ አንድ፣ ለሱ ሁለት።»

«ለምን ለሱ ሁለት?»

እንዲህ ያለ ሞኝ ጥያቄ ሰምቶ እንደማያውቅ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። «ታላቄ ነው» አለኝ።

ያዕቆብ መጥቶ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። «እሱን አትቆጣው» አለ። «እኔ ታመምኩ ብዬ ጣቢያ ብተኛ ቡናውን ማን ይለቅመዋል? ሁለታችንም ሳንባ ታመናል ከተባለስ ማን በደቦ ይጠራናል? ደግሞ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። እሱ ሲውጥ እኔ አፉን ልይ?»

በዚህ አገር ሰው የያዘውን ይካፈላል። ጎደሬውን ይካፈላል፣ ማሩን ይካፈላል፣ ጉልበቱን ይካፈላል። እኔ እዚሁ ተወልጄ ክኒን ይካፈላል ብዬ አላሰብኩም። ከወላይታ የመጣችው ሲስተር ብትስት ይፈረድላታል። ለእኔ አይፈረድም።

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ይዤ ጣቢያ ገባሁ። ለሲስተር ሁሉንም ነገርኳት፤ የካርዱንም ጭምር። ካርዱን ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ «ነገ ካርዱን እናስተካክላለን። ዛሬ ሰዎቹን እንያቸው» አለች። አክታቸው ወደ ሚዛን ተላከ። የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ በሽታው ክኒኑን ለምዶት እንደሆነና እንዳልሆነ። ለምዶት ከሆነ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። እነዚያን ቀናት እህል አልበላሁም። ባለቤቴ «ጦር ሜዳ ስትሄድ እንኳ እንዲህ አልሆንክም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ውጤቱ መጣ። አልለመደም። ማቴዎስ መድኃኒቱን እንደገና ከመጀመሪያው ቀን እንዲጀምር፣ ያዕቆብም የራሱን ሙሉ መድኃኒት እንዲወስድ ተወሰነ። የያዕቆብ ሳንባ ግን በጣም ተጎድቶ ነበር። ሲስተር ከበር ውጭ አውጥታ ነገረችኝ። «ዘግይቷል። እንዋጋለን፤ ግን ዘግይቷል» አለች።

ቡናው ገና ዛፍ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ጥለነው አንመጣም አሉ። እንግዲያው ጦሩ ወደነሱ ሄደ። ከጎጇቸው አሥር እርምጃ ርቄ ሸራ ወጠርኩ፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፈርኩ፣ ገባሁ። ለቀማው እስኪያልቅ እዚያው ኖርኩ፤ መንገድ ዳር ያሉት ጠዋት ጠዋት ጣቢያ እየመጡ በሲስተር ፊት ይውጡ ነበር። ሲስተር ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ከወረቀቷ ውስጥ የሌለውን ያን ጊዜ ከእሷ ተማርኩ። ማቴዎስ ሲያቅለሸልሸው እኔ «ወንድ ሁን» ነበር የምለው። እሷ «መቼ መቼ ነው የሚያቅለሸልሽህ?» ብላ ጠየቀችው። በባዶ ሆድ እንደሆነ ስታውቅ ከአንድ ጉራሽ ጎደሬ ጋር እንዲውጠው አደረገች፤ ማቅለሽለሹ ተወው። ያዕቆብ መገጣጠሚያውን ሲያመው እንዳይደብቅ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በዚያው ሰዓት እንዲነግረን አስረዳችው። አልጋቸውን ለየች፣ የጎጆውን አንድ ወገን ከፍታ ነፋስ አስገባች። ክኒኑን ከጠዋቱ ሥራ ጋር አሰረችው፤ ቅርጫት ሳይታሰር ክኒን፣ ክኒን ሳይዋጥ ቅርጫት የለም። ያዕቆብ ራሱ ሕጉን ወደደው። ቅርጫቱን አንሥቶ ምላሱን አውጥቶ «ተፈተሽኩ፣ ልለፍ?» ይለኝ ነበር።

ወንድማማቾቹ ጎረቤቶቻቸው ከደቦ እንዳይቀሩባቸው ፈርተው ነበር። ሲስተር ወደ ጎረቤቶቹ ሄዳ፣ ወንድማማቾቹ ክኒኑን እየወሰዱ ስለሆነ፣ በነፋሻ ቦታ ራቅ ራቅ ብለው ቢለቅሙ እንደማያሰጋ አስረዳች፤ እኔ በቤንችኛ አስተረጎምኩ። አሥራ አንድ ሰው መጣልን። ቡናው በሁለት ቀን አለቀ።

ያዕቆብ ግን እየከሳ ሄደ። ኅዳር ላይ ደም ተፋ። በቃሬዛ አወረድነው። ሦስት ጊዜ አረፍን። ሁለተኛው እረፍት ላይ እጄን ያዘና «አስር አለቃ፣ ለሱ ሦስቱንም» አለኝ። ጣቢያ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሞተ። ሲስተር ዓይኑን ከደነች። እኔ አገጩን አሰርኩ። ይህንን ሥራ አውቀዋለሁ።

ቀብሩ በማግስቱ ነበር። ንጋት አንድ ሰዓት ላይ ክኒኑንና ውኃውን ይዤ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ሰው ሸራ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች መዝሙራቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ማቴዎስ መሬት ላይ ነበር። ክኒኑን ዘረጋሁለት። መታው። ሦስቱም ጭቃ ውስጥ ወደቁ።

«ለማን ብዬ ነው የምውጠው?» አለ። «እሱ ያልዳነበትን?»

አንድ ሽማግሌ «አስር አለቃ፣ ዛሬ እንኳ ብትተወው ምናለበት? ለቀብር ተኩስ ይቆም የለም እንዴ?» አሉኝ። ከኋላ ሌላው «ሰውዬው ወንድሙን አጥቶ እሱ ሰልፍ ያሰልፋል» አለ።

መዝሙሩ ቆመ። ሁሉም ያየኛል። በዚያ መንደር ስለ ራሴ ያልተናገርኩት መልካም ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ያውቁታል። ጉልበቴን እያመመኝ ማቴዎስ ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንዲሰሙኝ ድምፄን አላሳነስኩም።

«ማቴዎስ፣ ጥፋቱ የክኒኑ አይደለም። የኔ ነው። በየቀኑ መጥቼ እንዳይህ ታዝዣለሁ። ዝናብ ነው ብዬ፣ ጉልበቴ ነው ብዬ የሰባት ቀን አስታቀፍኩህ። ሳላይ አየሁ ብዬ ጻፍኩ። በየቀኑ ብመጣ ኖሮ ወንድምህ ሲስል እሰማ ነበር፤ ያኔ ገና ጊዜ ነበረው። ከዚህ የባሰ ጥፋት በዘመኔ አልሠራሁም። ልትመታኝ ከፈለግህ ምታኝ። ግን ውጠህ ምታኝ።»

ጉሬዛ ብቻ ከላይ ይጮሃል። ማቴዎስ ጭቃው ውስጥ ያሉትን ክኒኖች አየ።

«ወድቀዋል እኮ» አለ።

ከኪሴ ሌላ ሦስት አወጣሁ። ወታደር ያለ ተጠባባቂ አይዘምትም። እኚያው ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ከለቅሶተኛው ፊት የነበረውን የተቀቀለ ጎደሬ ቆርሰው ሰጡት። ጎረሰ። ዋጠ። ሳላዘው ምላሱን አነሣ። ከዚያ ሄደን ወንድሙን ቀበርን።

ሚያዝያ ማለቂያ ላይ የመጨረሻው የማቴዎስ አክታ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ሲስተር ውጤቱን እኔ እንዳነበው ሰጠችኝ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ዘጠኝ ሰዎች ይዘን ገባን፤ በያዕቆብ አሥር ሆኑ። ሁለት ሞቱብን። አንዷ መንገድ ዳር የነበሩ አሮጊት ናቸው፤ ዘግይተው መጡ፣ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ዋጡ። ሁለተኛው ያዕቆብ ነው። ስለ አሮጊቷ ሲስተር «የሚቻለውን አድርገናል» ትለኛለች፤ እቀበላለሁ። ስለ ያዕቆብ ግን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም እንድትለኝ አልጠየቅኳትም። ኮረብታ ላይ የወደቀ ሰው በጠላት ነው የሚወድቀው። ይሄኛው ግን ግማሹ በእኔ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለሚመጣው ትውልድ፣ በዚያ ግንባር የፈጸምኩት ይህ ነው፦

ስምንት ሰው ስድስት ወር አስጨርሻለሁ፤ ስምንቱም ዛሬ በእግራቸው ይሄዳሉ።

ጫካ ውስጥ ሸራ ወጥሬ የቡና ለቀማው እስኪያልቅ ኖሬአለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ።

በሐሰት የሞላሁትን ካርድ በሲስተር ፊት ሰርዤ ስሜን ፈርሜበታለሁ።

መጮህ ትቼ መጠየቅ ችያለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ግን ቻልኩት።

ያዕቆብን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ።

የያዕቆብን ሚስትና ሦስት ልጆቹን ጣቢያ ወስጄ አስመርምሬአለሁ። ሚስቱና ሁለቱ ነጻ ሆኑ፤ ለታናሿ፣ በሽታው ባይገኝባትም ገና ሕፃን ስለሆነች፣ መከላከያ ክኒን ታዘዘላት። በየጠዋቱ ኮረብታውን እየወጣሁ እሷን የማስውጣት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ጠዋት ወጥቻለሁ።